ውሻው ከኬጁ ሥር ተኝቶ ወፎቹን ያያል፤ ለመዳቸው ማለት ነው?

ጥያቄው የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ጠያቂዋ የምትኖረው በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ቤቷ ውስጥ 28 ኪሎ የሚመዝን የጀርመን ሸፐርድ ክልስ አለ፤ የሁለት ዓመት ወንድ ውሻ። በቅርቡ ጥንድ ባጂዎችና አንድ ኮካቲየል (ሁለቱም ትንንሽ የበቀቀን ዓይነቶች ናቸው) ተጨምረዋል። ሁሉም ያሉበት ኬጅ በረንዳ ላይ በመንጠቆ ተንጠልጥሏል። ውሻው ከሥሩ ጋደም ብሎ፣ ሳይጮህና ሳይዘል፣ ዓይኑን ሳይነቅል ያያቸዋል። እሷ ይህን መላመድ ብላዋለች። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፦ ወፎቹን ሳሎን ውስጥ ለመልቀቅ ስንት ሳምንት መጠበቅ እንዳለባትና እስከዚያው ኬጁ የት ቢሆን እንደሚሻል። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዋ ሥር በኢንተርኔት የተደረደሩት መልሶች፣ እስከ መልስ 23 ሄዷል። ጠቃሚው ምክር ከክርክሩ ጋር ተደባልቆ ስላለ በየተራው አስቀምጠዋለሁ፤ የራሴን አስተያየትም አልደብቅም።

መልስ 1 በጨዋ ሰላምታ ጀመረና ምክር ከመስጠቱ በፊት አራት ነገር ጠየቀ። ውሻው ቤት ውስጥ በገመድ መያዝ ለምዷል ወይ? ከዚህ በፊት ዶሮ ወይም እርግብ አባርሮ ያውቃል? በኬጁ ሽቦዎች መካከል ያለው ክፍተት ስንት ነው? በሩ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ፣ ለወፎቹ ብቻ ሊሆን የሚችል ክፍል አለ? ከአራቱ ትልቁ የመጨረሻው ነው። አብዛኛው ጭቅጭቅ ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው ወደዚያ በር ነው።

ሁለተኛው መላሽ ሌሎቹ ጋሼ የሚሏቸው ነባር አባል ናቸው። ጠያቂዋ መላመድ ያለችውን ነገር አንድ በአንድ ፈቱት። ውሻ አደን የሚጀምረው በጩኸት አይደለም። መጀመሪያ ወደ ታዳኙ ይዞራል፣ ቀጥሎ ያፈጥጣል፣ ዝቅ ብሎ ያደባል፣ ያባርራል፣ ይይዛል፣ በመጨረሻም ነክሶ ይገድላል። ሰው ውሻን ለተለያየ ሥራ ሲያራባ ከእነዚህ ውስጥ የሚፈልገውን ብቻ አጎልቷል፤ የበግ ጠባቂ ኮሊዎች ማፍጠጡና ማባረሩ፣ ቴሪየሮች ንክሻው፣ ግሬይሃውንድና መሰሎቹ ሩጫው፣ ሪትሪቨሮች ይዞ ማምጣቱ ይበረታባቸዋል። ክልስ ውሻና የአገር ውሻ የትኛው እንደሚበረታበት በመልኩ አይታወቅም። ስለዚህ ከኬጅ ሥር ዝም ብሎ የተጋደመው ውሻ ገና ሁለተኛው እርምጃ ላይ ያለ አዳኝ ሊሆን ይችላል። መለያውንም ጻፉ። የተዝናና ውሻ አፉ ከፈት ይላል፣ ጆሮው ይላላል፣ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ስሙ ሲጠራ ይዞራል። ያደባ ውሻ ግን አፉን ይገጥማል፣ ጆሮውን ወደፊት ያቆማል፣ ሰውነቱን ይገትራል፣ አንዳንዴም አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ ይቀራል ወይም ጡንቻው ይንቀጠቀጣል። ቢጠሩት እንዳልሰማ ይሆናል። ጭራ መቁላቱ ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ሊያጠቃ የተዘጋጀ ውሻም ጭራውን ይቆላል።

መልስ 3 አልተስማማም። ወፍ ውሻ ራስ ላይ ቆማ የምትታይባቸውን ቪዲዮዎች ጠቀሰ፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከወፍ ጋር ያደገ ውሻ ምንም አያደርግም፣ በተለይ ላብራዶርና ጎልደን ሪትሪቨር አፋቸው ለስላሳ ስለሆነ እንቁላል እንኳ ሳይሰብሩ ይይዛሉ አለ። መልስ 4 የእንስሳት ሐኪም የጻፈው ነው፤ የክሩ ድምፅ መጀመሪያ የጠነከረውም እዚህ ላይ ነው። ወፍ እንደ እኛ ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) የላትም። የምትተነፍሰው የፍርምባ አጥንቷንና ጎድኗን ከፍና ዝቅ እያደረገች፣ አየሩን በሰውነቷ ውስጥ ባሉት የአየር ከረጢቶች በኩል እየሳበች ነው። ስለዚህ ደረቷ እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ የያዘ ሁሉ፣ የውሻ አፍም ሆነ የሕፃን እጅ፣ ቆዳዋን ሳይጭር ያፍናታል። ባጂ ከ30 እስከ 40 ግራም፣ ኮካቲየል ደግሞ ከ80 እስከ 100 ግራም ገደማ ነው የሚመዝኑት፤ 28 ኪሎ ውሻ እንጫወት ብሎ መዳፉን ቢያሳርፍ በቂ ነው። ለስላሳ አፍ የሚባለውም በጥይት የወደቀ ዳክዬ ሥጋው ሳይበላሽ ለአዳኙ እንዲደርስ ተመርጦ የመጣ ጠባይ ነው፤ የተያዘችው ወፍ በሕይወት እንድትቆይ የታሰበ ነገር አይደለም። ቪዲዮውን ሲያነሳ ሐኪሙ ቃሉን አላለዘበም፤ ሰው የሚለጥፈው የሰመረለትን ነው፣ የሞተችውን ወፍ ክሊኒክ ይዞ የሚመጣው ሌላው ነው አለ። አነጋገሩ ቢመርም የተናገረው ሁሉ ልክ ነው።

መልስ 5 ስለ ኬጁ ብቻ የተጻፈ፣ በክሩ ውስጥ ከምወዳቸው አንዱ ነው። ከሁሉ በፊት ከመንጠቆው ይውረድ አለ። የተንጠለጠለን ኬጅ ውሻ በአፍንጫው ሲገፋው ይወዛወዛል፤ ወፎቹ ደንግጠው ከሽቦው ጋር ይላተማሉ፤ ከወደቀ ደግሞ የታችኛው ሳህን ተለያይቶ ይከፈታል። በረንዳው ራሱ የቀትር ፀሐይ፣ የሌሊት ብርድና የጎረቤት ድመት አለበት። የሚሻለው የግድግዳ ቅንፍ ነው፤ ነገር ግን የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ውስጡ ባዶ ብሎኬት ስለሆነ አጭር ፊሸር ይላላል፤ ለባዶ ብሎኬት የሚሆነውን ረጅሙን መጠቀም፣ ወይም ኬጁን ከባድ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጦ ቁም ሣጥኑን በማዕዘን ብረት ከግድግዳው ጋር ማሰር ያስፈልጋል። ይህን የሚያህል ውሻ በኋላ እግሩ ሲቆም መዳፉ 1.5 ሜትር አካባቢ ስለሚደርስ የኬጁ ወለል ከዚያ በላይ ይሁን፤ ከሥሩም ሶፋ፣ ወንበር ወይም መወጣጫ የሚሆን ሣጥን አይኑር። ቢያንስ አንዱ ጎን ግድግዳ ይደገፍ፤ በአራቱም አቅጣጫ የተጋለጠች ወፍ ጀርባዋን የምታሳርፍበት አጥታ ቀኑን ሙሉ ስትጠባበቅ ትውላለች።

ቀጥሎ መጠኑን ሰጠ። ለጥንድ ባጂ ቢያንስ 75 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 45 ስፋትና 45 ቁመት፤ የሽቦው ክፍተት ከ12 ሚሊሜትር አይብለጥ። ኮካቲየሉ ከእነሱ ጋር ሳይሆን በራሱ፣ ሰፋ ባለ ኬጅ ይኑር። ወደ ላይ የሚሳቡትን ትንንሽ በሮች ባጂ በመንቁሯ ከፍታ ትወጣለች፤ እያንዳንዱ በር በትንሽ ካራቢነር (በስፕሪንግ በሚዘጋ መንጠቆ) ይቆለፍ። ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ከታች ያለው የኩስ ሳህን ነው። ሳህኑ ላይ ፍሬ ስለሚረግፍ ውሻው እየላሰ ይስበዋል፣ ሳህኑ ሲወጣ ኬጁ በታች በኩል ክፍት ይሆናል። ሳህኑም ይታሰር። ወፍ ሽቦው ላይ ተንጠልጥላ ስታርፍ ጣቶቿ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ውሻ የሚነክሰው እነሱን ነው። ስለዚህ ውሻው ሊደርስበት በሚችለው በኩል ሁሉ ከኬጁ 5 ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ ሁለተኛ የሽቦ መረብ ይወጠር።

መልስ 6 ብየዳ የሚያውቅ ሰው ነው፤ 5ን አመስግኖ አንድ ነገር ጨመረ። መረቡ ጋልቫናይዝድ ከሆነ ላዩ ላይ ያለው ዚንክ ለወፍ መርዝ ነው፤ ባጂም ሆነ ኮካቲየል ሽቦ መቆርጠም ልማዳቸው ስለሆነ ነጩ ዱቄትና በየመገጣጠሚያው የደረቀው ጠብታ ሆዳቸው ይገባል። አዲስ መረብ በአቼቶና በጠንካራ ብሩሽ ታሽቶ፣ በውኃ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ይሰንብት፤ ጠብታዎቹም በሞረድ ይነሡ። እርሳስ ያለበት መበየጃ ጨርሶ አይነካው። አይዝጌ ብረት ከተገኘ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።

በመልስ 7 ጠያቂዋ ተመለሰች። ክፍተቱን በማስመሪያ ለክታ 15 ሚሊሜትር አግኝታለች። ውሻው ገመድ የሚያውቀው ውጭ ብቻ ነው። በር ያላት አንዲት ትንሽ መኝታ ክፍል አለች፣ ከኩሽናው ቀጥላ። ውሻው ከኬጁ ሥር ሲተኛ አንዳንዴ እንደሚንቀጠቀጥም ጻፈች፤ በረንዳው ስለሚበርድ መስሏታል። ይህን ካነበቡ በኋላ ማንም ስለ ሳምንታት አላወራም።

መልስ 8 የጋሼ ነው፤ ረጅም ነው፤ ተቆርጦ መቀመጥ ያለበት ነው። ወፎቹ ዛሬውኑ ወደ ትንሿ ክፍል ይግቡ፤ በሩ ይዘጋ፤ ለአንድ ሳምንት ውሻው አይያቸው፣ ድምፃቸውን ብቻ ይስማ። በዚያ ሳምንት ውሻው ወፍ በሌለበት ሦስት ነገር ይማር፦ ምንጣፉ ላይ ሄዶ መተኛት፣ ስሙ ሲጠራ ዓይን ማየት፣ ተው ሲባል ወለል ላይ ያለ ምግብ መተው። ሽልማቱ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል የተቀቀለ ጉበት ነው። እነዚህን ሳይሳሳት ማድረግ ሲጀምር፣ ሮጦና በልቶ ከረካ በኋላ፣ በደረት ማሰሪያና በ2 ሜትር ገመድ ተይዞ ከኬጁ 4 ሜትር ርቆ ይቁም። ወፉን አይቶ ወደ ሰው በተመለሰ ቁጥር ወዲያው ይሸለም። ጉበቱን አልበላም ካለ በጣም ቀርቧል ማለት ነው፤ ሳይቆጡት አንድ ሜትር ወደ ኋላ መሳብ ነው። በአንድ ጊዜ 5 ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ ወይም ሦስቴ ይበቃል። በተከታታይ ሦስት ጊዜ ዘና ብሎ ከቆየ ግማሽ ሜትር ይቅረብ፤ አንዴ ካፈጠጠ ወደ ቀድሞው ርቀት ይመለስ።

ሰው የሚሳሳትበትን ቦታም አሳዩ። ልምምዱ ወፎቹ መቆሚያቸው ላይ ጸጥ ብለው ባሉበት ሰዓት ብቻ ከተደረገ ውሻው የሚለምደው ዝም ያለች ወፍ ነው። አደኑን የሚቀሰቅሰው ግን እንቅስቃሴ ነው፤ ክንፍ ሲርገበገብ ሁሉም ትምህርት በአንድ አፍታ ይጠፋል። ስለዚህ ሌላ ሰው ኬጁ ውስጥ እጁን አስገብቶ ውኃ ሲቀይር፣ ወፎቹ ሲረባበሹና ሲንጫጩም ልምምዱ ከሩቁ ርቀት እንደገና ይጀመር። የወፎቹም ሁኔታ አብሮ ይታይ። ላባዋን ወደ ሰውነቷ አጥብቃ፣ አንገቷን አስረዝማ የቆመች ወፍ ፈርታለች። ኮካቲየል ጉትዬውን ቀጥ አድርጎ ካቆመና እንደ እባብ ካፏጨ ይበቃል ማለቱ ነው። አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ጭራ ከፍና ዝቅ ማለት፣ ኩሱ ውኃ መሆን የጭንቀት ምልክቶች ናቸው። ትንሽ ወፍ ቀኑን ሙሉ ሳትበላ ከዋለች ልምምዱ ይቁም፤ አቅሟ በፍጥነት ነው የሚያልቀው። የዚህ ሁሉ ልምምድ ግብ፣ አሉ ጋሼ፣ ውሻው በተዘጋ ኬጅ አጠገብ ሳይጨነቅና ሳያስጨንቅ ማለፍ እንዲችል ነው። ወፍ ከኬጅ ስትወጣ ውሻ ከተዘጋ በር ማዶ ይሆናል፤ በአንድ ወርም በአምስት ዓመትም ይህ አይለወጥም።

እኔ ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ብባል ይህንኑ እይዛለሁ። ስልጠና አደጋውን ይቀንሰዋል፤ የሚያስቀረው ግን በር ነው።

መልስ 9 ይህ ሁሉ ድካም ነው፣ ወደ ኬጁ ባየ ቁጥር አንድ ሁለቴ ማቅመስ ወይም የኤሌክትሪክ አንገትጌ ማሰር ይበቃዋል አለ። እስከዚህ ድረስ መላሾቹ እርስ በርስ እርስዎ ይባባሉ ነበር፤ መልስ 10 አንተ ብሎ ጀመረ። ዱላ ውሻውን ወፍ ማየት ክልክል ነው ብሎ አያስተምረውም፣ ወፍ ባለችበት ቦታ ሕመም አለ ብሎ ነው የሚያስተምረው፤ ስለዚህ ወፏን በክፉ ዓይን ማየት ይጀምራል። ማጉረምረሙና መገተሩ ስለሚያስመታው እነሱን ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ንክሻው ያለ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። የሚፈራው ደግሞ ዱላ ያዡን ስለሆነ ሰውየው ከቤት እንደወጣ ፍርሃቱም አብሮ ይወጣል። መልሱ ስድብ የቀላቀለ ነበር፣ ያ ባይኖር ይመረጥ ነበር፤ የተሰጠው ምክንያት ግን ትክክለኛ ነው።

ነገሩን ያበረደው መልስ 11 ነው፤ ስለ ንክሻ ሳይሆን ስለ ወለሉ ጻፈ። ወፍ ከምትበላው የምትበትነው ይበዛል። ወይንና ዘቢብ ለወፍ ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ውሻ ላይ ግን ኩላሊቱን ያቆማሉ። ስንት ፍሬ እንደሚጎዳ በክብደት ተሰልቶ አይታመንበትም፣ አንዱን ውሻ ምንም ያላለው መጠን ሌላውን ይጥላል። ውሻው ወይን ከበላ ማስታወክ እስኪጀምር ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ ኩላሊቱ የሚደክመው በሚቀጥሉት አንድ እስከ ሦስት ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ ውሻ ባለበት ቤት ለወፎቹ ወይን በፖም ወይም በካሮት ይተካ፤ የፖሙ ዘር ግን ይውጣ። በተቃራኒው አቮካዶ ውሻን ብዙም ሳይጎዳ ባጂን የልብ ጡንቻዋን አበላሽቶ በአንድና በሁለት ቀን ይገድላል፤ የጁስ ብርጭቆ ጠርዝም ቢሆን አትቅመስ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቸኮሌት ለሁለቱም ክልክል ናቸው። የወፍ መጫወቻ የሆነ የጥጥ ገመድና ትንሽ ቃጭልም ወለል ላይ ከወደቀ ውሻው ይውጠዋል፤ አንጀት ይዘጋል። ስለ ኩሱ ደግሞ ውሻው እንዳይበላው ብቻ ሳይሆን ሰውም ደረቁን እንዳይጠርገው አሳሰበ፤ በቀቀኖችን የሚይዛቸው ሲታኮሲስ የሚባል በሽታ በብናኙ ወደ ሰው ሳንባ ይገባል። መጀመሪያ ውኃ መርጨት፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት ነው። ወፍ ያለው ሰው ትኩሳትና ደረቅ ሳል ከያዘው ወፍ እንዳለው ለሐኪሙ ይንገር።

ከ12 እስከ 14 ያሉት ከውሻው የራቁ ይመስላሉ፤ ነገሩ ግን ከዚያችው ክፍል ጋር የተያያዘ ነው። መልስ 12 የወፎቹ ክፍል ከኩሽና ቀጥሎ መሆኑን አስታውሶ፣ ከውሻ የሸሸች ወፍ በጭስ እንዳትሞት አለ። ቡና ሲቆላ የሚነሣው ጭስ፣ ዕጣኑና የከሰሉ ጋዝ ክፍሏ ውስጥ ይገባሉ። መልስ 13 ተቆጣ፤ ገጠር ውስጥ ዶሮ ከጭስ ጋር በአንድ ጎጆ ስታድር ኖራለች፣ የቡናችንን ሥርዓት በወፍ ምክንያት አትንኩብን አለ። መልስ 14 ከቨርጂኒያ የጻፈች ሴት ናት፤ በትህትና ነው የመለሰችው። ቡናውን ማንም አልከለከለም፣ በሩን መዝጋትና መስኮት መክፈት ነው የተባለው። የወፍ ሳንባ ከአየሩ የሚወስደው ከእኛ እጅግ የበለጠ ስለሆነ መርዙንም በዚያው ልክ ይወስዳል፤ የብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ ይዘው ይወርዱ የነበረው የከሰል ጋዝ ከሰው ቀድሞ እሷን ስለሚጥላት ነው። እሷ ራሷ በይበልጥ የምትፈራው የማያጣብቅ ቅብ ያለውን መጥበሻና የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። እሳት ላይ ባዶውን ተረስቶ ከ280 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ የሚወጣው ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ቤት ውስጥ ያለችን ወፍ በደቂቃዎች ይገድላል፤ ውሻውና ሰዎቹ ምንም ሳይሰማቸው። ልምድ ያለው ሰው የሸክላ ወይም የብረት ምጣድ ይመርጣል። ከዚህ በኋላ ስለ ሸክላ ምጣድ አሟሟሽ የተጻፉ አጫጭር ቃላት ነበሩ፤ አልፌያቸዋለሁ።

መልስ 15 ስለ ቁንጫ ነው፤ ለኢትዮጵያ ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ይመስለኛል። ለከብት መዥገር የሚሸጠው ባለ 60 ፐርሰንት ዲያዚኖን በየቤቱ ለውሻም ይውላል። ይህ መድኃኒት ለወፎች እጅግ መርዛማ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በጎልፍ ሜዳዎችና በሣር እርሻዎች ላይ እንዳይረጭ የተከለከለው የዱር ወፎችን ስለጨረሰ ነው። በእሱ የታጠበ ውሻ እርጥብ ሆኖ ወፎቹ ወዳሉበት ቤት ከገባ ትነቱ ራሱ አደጋ ነው። ወፍ ባለበት ቤት ለቁንጫ ሐኪም የሚያዘው የሚዋጥ ክኒን ይሻላል፤ ምንጣፉ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ ጸጉሩ በጥርሰ ጠባብ ማበጠሪያ ይበጠር። ለበረሮና ለትንኝ ፍሊት መንፋትም በዚያ ቤት ቀረ ማለት ነው።

በጣም የተጋጋለው ክፍል ከ16 እስከ 18 ነው። መልስ 16 ውሻ ወፏን ቢይዛት ምን ይደረግ ብሎ ጠየቀ፤ ራሱም መልሱን ሰጠ፦ ደም ከሌለ ምንም አልሆነችም፣ በጨው ውኃ አጥቦ ወደ ኬጅ መመለስ ነው አለ። ሐኪሙ በመልስ 17 ተመልሶ መጣ፤ እንዲህ ያለ ምክር ወፍ ይገድላል ብሎ ፊት ለፊት ነገረው። በውሻና በድመት አፍ ውስጥ ፓስቸሬላ የሚባል ባክቴሪያ ይገኛል። ጥርሱ የበሳው ቀዳዳ በላባ ተሸፍኖ አይታይም፣ ባክቴሪያው ግን ደም ውስጥ ገብቶ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ ምራቅ የነካት ወፍ ሁሉ፣ ደህና ብትመስልም፣ በዚያው ቀን አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል።

እስከ ሐኪም ድረስ ያለውንም ዘረዘረ። አየር ማስገቢያ ባለው ትንሽ ካርቶን ውስጥ፣ ፎጣ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ ትቀመጥ። በአንዱ ወገን ብቻ በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ውኃ ያለው ላስቲክ ይደረግ፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፣ ከሞቃት እንድትርቅ ሌላው ወገን ባዶ ይተው። ምግብና ውኃ በአፏ አይጨመርባት፣ ትንፋሿ ውስጥ ይገባል። ቅባት አይቀባ፣ ላባዋ ሲጣበቅ ትበርዳለች። ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ ቀስ ብሎ ቁስሉን ብቻ መጫን ነው፣ ደረቷን መጨበጥ አይቻልም። የባጂ ጠቅላላ ደም 3.5 ሚሊሊትር ገደማ ነው፤ 20 ጠብታ ከፈሰሳት ሲሶው ሊያልቅ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለሐኪሞቹ ራሳቸው ጻፈ። በየክሊኒኩ ለከብት የሚወጋው ፔንስትሬፕ ፕሮኬይን ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን ነው፤ ሁለቱም ለትንንሽ ወፎች መርዝ ናቸው። ባለቤቷ ይህ እንዳይወጋት ይጠይቅ። አደጋ ሳይደርስ ወፍ የሚያክም ሰው ፈልጎ ስልኩን መያዝ ያስፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ ብዙም በማይርቀው በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መጠየቅም አንድ መንገድ ነው። መልስ 18 የ16 ነው፤ በቃሉ መክረር ቢከፋም የጨው ውኃውን ምክር ከጽሑፉ አወጣው። መልካም አደረገ።

ከዚያ ክሩ መስመር ሳተ። መልስ 19 ወፍ ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣት በየግቢው ጽድና ሾላ ላይ የሚያርፉትን አረንጓዴ ትንንሽ በቀቀኖች በወጥመድ መያዝ እንደሚቻል ጻፈ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖሩት፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነው ባለ ጥቁር ክንፍ ላቭ በርድ መሆናቸው ነው። መልስ 20 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ነገረው፤ ከዱር የተያዘች ወፍ ውሻ ሲያይባት ከፍርሃት የተነሣ ምግብ ትታ እንደምትሞትም ጨመረ። እዚያው ላይ ክንፍ መቁረጥን አነሣ። ብዙ ሰው ወፏ እንዳታመልጥ ክንፏን ይቆርጣል፤ ውሻ ባለበት ቤት ግን የተቆረጠች ወፍ ወደ ላይ ማምለጥ አትችልም፣ የምታርፈው ወለል ላይ፣ ውሻው አፍ አጠገብ ነው። ክንፏ ሙሉ ይሁን፣ መስኮቱ ደግሞ መረብ ይኑረው። እንደ አፍሪካዊው ግራጫ በቀቀን ያለ ትልቅ ወፍ ያላቸውም ሌላ ነገር ይጠብቃቸዋል፤ የባለቤቱን ፉጨትና የውሻውን ስም አስመስሎ እየጠራ ውሻውን ራሱ ኬጁ ድረስ ያመጣዋል። ለውሻው ከድምፅ ይልቅ፣ ወፉ ሊያስመስለው የማይችለውን የእጅ ምልክት ማስተማር ይረዳል።

መልስ 21 ስለ ሌሊቱ ነው። ከተማው ዳር ያሉ ውሾች ጅብ ሲሸታቸው ይጮኻሉ፤ አንዱ ሲጀምር ሁሉም ይከተላል። ኮካቲየል ጨለማ ውስጥ ሲደነግጥ ሳያይ ይበርራል፣ ከሽቦው ጋር ተላትሞ ላባውን ይሰብራል። በትንሹ የምትበራ አምፖል ክፍሏ ውስጥ ብትኖር መቆሚያውን አይቶ ይመለሳል። ኬጁን በጨርቅ መሸፈን ካስፈለገም አንድ ወገን ክፍት ይቅር። የውሻው መኝታ ከዚያ ክፍል በር ራቅ ይበል።

ጠያቂዋ በመልስ 22 ያደረገችውን ጻፈች። ኬጁ ወርዷል፤ 12 ሚሊሜትር ክፍተት ያለው ለባጂዎቹ ታዟል፤ ኮካቲየሉ ለብቻው ሆኗል፤ ወፎቹ ትንሿ ክፍል ገብተዋል፤ የሚለቀቁትም ውሻው ከቤት ለሽርሽር ሲወጣ ብቻ ነው። መልስ 23 አንድ ነገር ጠየቃት፦ የክፍሏ በር እጀታ ወደ ታች የሚጫን ዓይነት ከሆነ እንዲህ ያለ ውሻ በመዳፉ ተጭኖ ይከፍተዋል። ወይ በክብ እጀታ ይቀየር፣ ወይም በውጭ በኩል 1.6 ሜትር ላይ መቀርቀሪያ ይመታበት፤ በሩ ከታች ከወለሉ ጋር ያለው ክፍተትም የውሻው አፍንጫ የሚያስገባ ከሆነ በጣውላ ይዘጋ።